የወይዘሮ ጤናዬ ማድረቂያ

«እናታችንን ስስት ይዟታል። እርጅና አይደለም፣ ስስት ነው» አለ ጥሩሰው ለሚስቱ ለብርቅዬ፣ ከጭቃው ግድግዳ ማዶ፣ የጣራው ጠፈጠፍ የማይደርስበት ጥግ ይዞ። ግድግዳው ስስ መሆኑን ረስቶት ይሁን ወይም አራስ ትተኛለች እንጂ አትሰማም ብሎ፣ ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። ፀዳለ ግን ሕፃኑን እያጠባች ቁጭ ብላ ነበርና የባሏን ታላቅ ወንድም ንግግር ከራሱ እስከ ጭራው ሰማችው። መካኒክ አምጥቶ ማሽኑ ከኋላው ይታይ ቢላት እናቱ አላስነካም አለች፤ አዲስ ልግዛ ቢላት ዝም አለች፤ እንግዲህ እሱ ቆርጧል። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ከፒያሳ ዕቃ ቤት መኪና ይመጣና አሮጌውን ይወስዳል። አዲሱ በእሱ ስም፣ በየወሩ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይገዛል፤ የሚቀመጠውም እዚህ ኮልፌ ጭቃ ውስጥ ሳይሆን ልደታ፣ እሱ ቤት ነው። የፒያሳውን ማደሪያ ቤት፣ የፓንሲዮኑን፣ አንሶላ የምታጥብ ሠራተኛ ትቀጠራለች። «እሷም አርፋ ትቀመጥ። የጸሐፊ እናት ሆና የሰው አንሶላ ማጠብ ይብቃት» አለ። ብርቅዬ «እናትህ ግን ማረፍ የምትችል ይመስልሃል?» ስትለው ጃንጥላቸውን ዘረጋ፤ ተያይዘውም ወደ ፊተኛው ቤት ሄዱ።

ማሽኑ የልብስ ማድረቂያ ነው፤ ነጭ፣ ከወገብ በላይ የሚደርስ፣ ፊቱ ላይ ክብ መስኮት ያለው፣ እርጥብ ልብስ ሲጎርስ እያጉረመረመ የሚያዞር። በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ኮልፌ ውስጥ ሁለተኛ አልነበረውም፤ ከዚያ ወዲህም ለብዙ ጊዜ አልነበረውም። የጥሩሰው እናት ወይዘሮ ጤናዬ ልብስ ያጥቡላቸው የነበሩ አሜሪካኖች አገራቸው ሊገቡ ዕቃ ሲሸጡ፣ ሌላው ሠራተኛ በሶፋና በድስት ሲሻማ፣ እሳቸው የደረሳቸውን ዕቁብ ከነመሐረቡ አምጥተው ይህንን ከነትራንስፎርመሩ ገዙ። ሰፈሩ ሳቀባቸው። እግዜር ፀሐይን በነፃ በሚያወጣበት አገር የፀሐይ ማሽን ተገዛ ተባለ፤ ስሙም «የጤናዬ ፀሐይ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ የዚያው ዓመት ሐምሌ ገባ። ከአጠና ተራ እስከ ዘነበወርቅ የሰው ልብስ በየገመዱ ላይ ሲሻግት፣ የእሳቸው አንሶላ ደርቆ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ ፒያሳ ይገባ ጀመር። የሳቁት ሁሉ የሕፃን ጨርቅና የሐዘን ነጠላ በሳፋ ይዘው ደጃቸው ላይ ቆሙ። አንዷ ደፍራ «እትዬ ጤናዬ፣ ያኔ ስስቅ ሰምተውኝ ነበር?» ብትላቸው፣ «ስቀሽ ነበር እንዴ?» ብለው እርጥቡን ከእጇ ተቀበሏት። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው፤ እሳቸውን ስስታም ለማለት የገዛ ልጅ መሆን ያስፈልጋል።

ፀዳለ ወደ ማሽኑ ክፍል የመጣችው በወለደች በሦስተኛው ቀን ነው። ባሏ መሸሻ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የልጁን ፊት አይቶ በማግስቱ ጅማ መስመር ወጣ፣ ከዚያ የክረምት ጭቃ ይዞት ቀረ። የፊተኛው ቤት ሳሎን ጣራው ያፈስሳል። እዚያ ተኝታ ብርድ ብርድ ሲላት፣ አማቷ አንድም ቃል ሳይናገሩ ፍራሹን ጠቅልለው፣ በላስቲክ ሸፍነው፣ በራሳቸው ተሸክመው ወደ ጓሮው ክፍል ወሰዱት። አልጋው ከማድረቂያው ጎን ተዘረጋ። «እዚህ ነው የምትታረሺው። እኔም ሥራ ላይ ሆኜ አይሻለሁ፤ አራስ ብቻዋን አትተውም» አሏት። ክፍሉ ጋዜጣ የተለጠፈበት፣ ሳሙናና የሞቀ ጥጥ የሚሸት፣ ባንድ ወገን ሳፋና የሳሙና ካርቶን የተከመረበት ጠባብ ቤት ነው። ማሽኑ ሲዞር አምፖሉ ይቀላል፤ ሙቀቱም ለአልጋው ይተርፋል። ቀን ቀን ገነት ነበር። ሌሊት ግን ማሽኑ ሲያርፍ፣ ከኋላው ተነስቶ ግድግዳውን በስቶ የሚወጣው የቆርቆሮ ቱቦ የወጨጫን ተራራ ንፋስ ማጅራቷ ላይ ይለቅባት ጀመር። ጥርሷን ነክሳ ቻለችው፤ አማቷን ማስቸገር ፈራች። ጥቂት ሌሊት እንዲህ ከሆነ በኋላ ንፋሱ በራሱ ተወ። አየሩ የተመለሰላት መስሏት ማርያምን አመሰገነች።

ማድረቂያው የታመመው ከዚያ ወዲህ ነው። ጥቂት ይዞራል፣ ከወትሮው በላይ ይግላል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ሲቀዘቅዝ እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይቆማል፤ አንሶላው ሞቆ እርጥቡን ይወጣል። ጥሩሰው ያመጣው መካኒክ ገሜዳ ይባላል፤ አጠና ተራ አጠገብ ሬዲዮና ካውያ የሚጠግን ጨዋ ሰው ነው። ወይዘሮ ጤናዬ ከውጭ የመጣ ሰው አራስ ቤት ዘው አይልም ብለው መጀመሪያ ማድ ቤት እሳት ዳር አስቀመጡት፤ የዝናቡ ብርድ ከላዩ ሲለቅ አስገቡት። ፊቱን እይ አሉት፣ ሆዱን እይ አሉት። ወደ ኋላው ሊዞር አልጋውን ሲይዝ ግን እጃቸውን ዘረጉ። «አልጋው አይነቃነቅም። የአራስ አልጋ ነው» አሉ። ገሜዳም ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነበትና፣ ሞተሩ ሳይደክም አልቀረም፣ ይህን ዓይነት ሞተር ደግሞ አገር ውስጥ አይገኝም ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ያለው ወሬ ሁሉ ይጠገን ወይስ ይለወጥ ሆነ። ብርቅዬ ይለወጥ፣ ጎረቤት ይጠገን፣ ጥሩሰው ያለምንም ጥርጥር ይለወጥ አለ። ዝም ያሉት የማሽኑ ባለቤት ብቻ ናቸው።

መኪናው በሚመጣበት ቀን ረፋዱ ላይ አማቷ አጥሚት ይዘው ገቡ። ከትናንት ጀምሮ ማድ ቤት ውስጥ እርጥቡን አንሶላ በከሰል ካውያ እየተኮሱ ሲያደርቁ ነበር፤ ዓይናቸው ከሙቀቱ የተነሳ በርበሬ መስሏል፣ የጣቶቻቸው ጫፍ ነጥቷል። የፓንሲዮኑ ሰው ሲመሻሽ ሊወስድ ይመጣል፤ ግማሹ ገና ውሃ ነው። ፀዳለ ለእኚህ ሴት ትልቅ አክብሮት አላት። እውነቱን ለመናገር ግን በዚያ ጠዋት ልቧ ወደ ጥሩሰው አድልቶ ነበር። አንድ አልጋ መሳብ ይህን ያህል ምንድነው?

«እማማ፣ ለምን ከኋላው አያዩትም? እኔ እነሳላቸዋለሁ።»

«ተነስተሽ የት ልትሄጂ?»

«ሳሎን።»

«ሳሎኑ ከእኔ በላይ ያለቅሳል። ጠጪ።»

«ጋሼ ጥሩሰው እኮ ዛሬ ሊያስወስደው ነው።»

«ነግሮኛል።»

«እና እርስዎ ዝም ይላሉ?»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ወይዘሮ ጤናዬ ባዶውን ኩባያ ተቀበሏት፤ ከጨርቁ የወጣውን የሕፃኑን እግር ሸፈኑ። ሲወጡ የማሽኑን አናት፣ ለገበያ የሚነዳ ላም ጀርባ እንደሚነካ ሁሉ፣ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገውት ወጡ። ፀዳለ ከኋላቸው አየቻቸው። ስስታም ሰው ንብረቱን እንዲህ አይሰናበትም።

ቀጥላ የገባችው ጎረቤታቸው ራህማ ናት፤ እሷም የቤቱን ደንብ ታውቃለችና መጀመሪያ እሳት ዳር ሞቃ ነው የመጣችው። ለአራሷ ለጋ ቅቤ ይዛለች። እንደ ገባች የሕፃኑን አፍንጫ ከአባቱ ጋር አስተያየች፣ የከሰል ዋጋ ሐምሌ ሲገባ እንዴት እንደሚያብድ አማረረች፣ አንድ ጆንያ ሦስት ብር ገባ አለች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጤናዬ ግን ምን ሆናለች? በዚህ ብርድ በነጠላ ብቻ ነው የምትወጣው። ጋቢዋስ?»

«ለእርስዎ አበድሬያለሁ ብለውኛል» አለች ፀዳለ።

«ለእኔ?» ራህማ ሳቀች። «ወላሂ፣ ለእኔ ማንም ጋቢ አላበደረኝም። እሷ ውሸት ስለማትችልበት እኮ ነው እንዲህ በቀላሉ የምትያዝ።» ቅቤውን አስቀምጣ፣ አላህ ያሳድገው ብላ መርቃ ሄደች። ፀዳለም ነገሩን ከሰው ስም መሳሳት አሳልፋ አላየችውም።

እሷ ባደገችበት በወልቂጤ በኩል፣ ከቤት የሚወጣ ዕቃ ቆሽሾ አይወጣም፤ የወጣበት ቤት ይታማል። ማሽኑ መሄዱ ካልቀረ የዕቃ ቤቱ ሰዎች ከቆሻሻ ቤት መጣ እንዳይሉት ልትወለውለው አሰበች። ለአማቷ የምታደርገው ሌላ ነገር አልታያትም። ሕፃኑን አስተኛች፣ ወገቧን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ አሰረች፣ ነጠላዋን እስከ ጆሮዋ ተከናነበች። ፊቱን ጠረገች፣ ክብ መስኮቱን ወልውላ አበራች፣ ከዚያ አልጋውን በጉልበቷ ገፋ አድርጋ እጇን ወደ ኋላው ሰደደች። የጥጥ ብናኝ እፍኝ እፍኙን ወጣ። ቱቦው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ውጭ ንፋሱ የጎረቤት ቆርቆሮ ሲያንጓጓ ይሰማታል፤ ከቱቦው ግን ምንም አይመጣም። የሐምሌ ንፋስ አልቆመም፤ አየሩም አልራራላትም። ቱቦውን ከግድግዳው ላይ ነቅላ ቀዳዳውን አየችው።

ውስጡ ትራስ የመሰለ ነገር ተወትፎበታል። ጎትታ አወጣችው። እንዲያው ተጠቅልሎ የተጠቀጠቀ ጨርቅ አይደለም፤ በቀዳዳው ልክ የተሰፋ ነው። ክብ፣ ሆዱ በጥጥ የታጨቀ፣ ዙሪያው በድርብ ስፌት የተቀመቀመ። ጨርቁ ጋቢ ነው፤ ዳሩ ላይ ያለውን ሰማያዊ ጥለት ገና ሙሽራ ሆና ከመጣች ጀምሮ እያጠበች ታውቀዋለች። ስፌቱንም ታውቀዋለች፤ የፓንሲዮኑ የተቀደደ ትራስ ሁሉ በዚያ ስፌት ነው ፒያሳ የሚመለሰው።

ሳያውቁ ነው እንዳትል፣ ማሽኑን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። «ይህ አፍንጫው ነው» ብለዋት ነበር ቱቦውን ይዘው። «አሜሪካዊቷ እመቤት ሌላውን ሁሉ እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ ይህንን ግን ጣቷን ቀስራ ነው። አፍንጫው ከተደፈነ ይታፈናል።» እያወቁ ነው የደፈኑት። ፀዳለ አንድም ቀን በረደኝ ብላ አታውቅም፤ ሴትዮዋ ግን አውቀዋል። አውቀው ጋቢያቸውን ቆርጠዋል፣ ልጃቸው ስስታም ሲላቸው ዝም ብለዋል፣ ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው የገዙትን አንድ ነገር በመኪና ሊያስጭኑ ተቀምጠዋል። ፀዳለ ከማሽኑ ኋላ፣ ብናኙ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ የወደዳት ሰው መኖሩን አታውቅም ነበር።

መልሳ ብትወትፈው ማንም አይጠይቃትም፤ ማሽኑ ይሄዳል፣ ከእሱም ጋር ወይዘሮ ጤናዬ በገዛ እጃቸው ያቋቋሙት ሥራ ልደታ ይገባል። ብትናገር ደግሞ አሮጊቷ አበላሸችው ይባላል፤ ጥሩሰው ከዚያ ወዲያ ማንኪያ እንኳ አያምናቸውም። ብዙ አላወጣችም አላወረደችም። ቱቦውን ቦታው መለሰችው፤ ከሳፋው እርጥቡን አንሶላ እያነሳች ለማሽኑ አጎረሰችው፤ ማዞሪያውን ያዘችና አዞረችው። አምፖሉ ቀላ። ማሽኑ አጉረመረመ። ሕፃኑን አቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ነጩ አንሶላ በክቡ መስኮት ውስጥ ሲወድቅ ሲነሳ ታይ ጀመር። የሚቆምበት ጊዜ ደረሰ፣ አለፈ። የመኪና ጡሩምባ ተሰማ፣ የግቢው በር ተከፈተ፣ ጥሩሰው አንድን ሰው «እግርህን ጥረግ» ሲል ሰማችው። ማሽኑ ይዞራል። ሳሎን ያለው ወሬ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ማሽኑ አሁንም ይዞራል።

በሩን ከፍተው መጀመሪያ የገቡት ወይዘሮ ጤናዬ ናቸው፤ ራሳቸውን አልተሸፈኑም፣ ዝናቡ ፀጉራቸው ላይ ነው። ወደ ማሽኑ አላዩም። አልጋውን አዩ፣ የተሰፋውን ጨርቅ አልጋው ላይ አዩ፣ በሩን በጀርባቸው ገፍተው ዘጉት።

«ማን ተነሽ አለሽ?»

ሳትመልስ ጥሩሰው በሩን ገፍቶ ገባ፤ ብርቅዬ ከኋላው ናት። የሚዞረውን ማሽን አየ፣ በእጁ ነካው፣ ከዚያ ጨርቁን አነሳ። «ይህ ምንድነው?»

«ቱቦው ውስጥ የነበረ ነው ጋሼ» አለች ፀዳለ። «እኔ ነኝ። ሌሊት በረደኝና ወተፍኩት። ማሽኑን እንደሚያፍነው አላወቅሁም።»

ጥሩሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ካያያዝ ይቀደዳል ማለት ይኸው ነው። ባላገር አምጥተን ማሽን አጠገብ አስተኝተን፣ ሞተር ፍለጋ ስንዞር…»

«ጥሩሰው» አሉ እናቱ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ልጅቷ ውሸቷን ነው። ዓይን የለህም? ስፌቱን እይ። የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

ጥሩሰው ጨርቁን አገላበጠ። «አንቺ? እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ። እስከ ክርስትናው ይችላል ብዬ ነበር። አልቻለም።»

«ታዲያ ሲዞር እያወጣሽ ሲያርፍ መመለስ አይቻልም ነበር?»

«አልጋዋን በቀን ስንት ጊዜ ልሳብ? ወገቧ ገና አልጠናም። ብነግርህ ደግሞ ማሽኑን ታድንና እሷን ሳሎን ታስተኛታለህ።»

ጥሩሰው እንዲያ ሊያደርግ እንደነበረ ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ክፋት የለበትም፣ ማሽን ውድ ነው ብሎ ነው። ወይዘሮ ጤናዬ ጨርቁን ከእጁ ወሰዱና አቧራውን አራገፉለት።

«አንተን በወለድኩ በሰባተኛው ቀን ነው ለልብስ አጠባ ከአልጋ ያነሱኝ» አሉ። «ሐምሌ ነበር። ወንዝ ወርጄ አጠብኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ሐምሌ ሲገባ ወገቤ ከካህኑ ቀድሞ ይነግረኛል። በእኔ ይብቃ።»

ይህን ያሉት እንደ ወቀሳ አልነበረም፤ የከሰል ዋጋ እንደሚነገር ነው የነገሩት። ጥሩሰው ግን ይህን ሰምቶት አያውቅም። ጫማውን አየ፣ ሚስቱን አየ። ብርቅዬ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር። ጥሩሰው ወደ መኪናው ወጣ። ከተሸካሚዎቹ ጋር ሲነጋገር ተሰማ፣ አንዱ ስለ ቤንዚኑ አጉረመረመ፣ መኪናው ተነስቶ ባዶውን ሄደ። ጥሩሰው ሲመለስ ኮቱን አውልቋል፤ ማድ ቤት እሳት ዳር ቆሞ ልብሱን አሙቆ ነው የገባው። የሳሙናውን ካርቶን፣ ሳፋውንና ባልዲውን በሙሉ እየተሸከመ ሳሎን ወስዶ ከመረው። ብርቅዬ በግርጌ፣ እሱ በራስጌ ሆነው፣ ፀዳለ ሕፃኗን እንዳቀፈች አልጋውን ብድግ አድርገው ከቱቦው ርቆ ወዳለው ግድግዳ አስጠጉት። የጸሐፊው ግንባር ላብ አወጣ፤ እናቱም አዩት፣ ግን አልቀለዱበትም። ከዚያ ወዲያ የሚጠገንም የሚለወጥም አልነበረም። ማሽኑ ሲዞር ቀዳዳው ይከፈታል፣ ሲያርፍ ይደፈናል፤ ለዚህ አልጋ መንካት አያስፈልግም።

ሊመሻሽ ሲል የፓንሲዮኑ ሰው መጣ። ብርቅዬ የተተኮሰውን ጥቅል እያቀበለችው ሳለ ወይዘሮ ጤናዬ የማሽኑን በር ከፍተው የመጨረሻውን አንሶላ አወጡ፤ በእጅ ለመያዝ እንኳ የሚያቃጥል ነበር። ለማጠፍ ጫፍና ጫፉን ያዙት። ከዚያ ተዉት። ወደ አልጋው መጡና ፀዳለን ከትከሻዋ እስከ እግሯ ጠቀለሏት፣ ከወገቧ ሥር ደግሞ እጥፍ አድርገው ወተፉላት። ሙቀቱ አጥንቷ ድረስ ገባ። ከወለደች ጀምሮ ወገቧ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ለቀቀ፤ እንባዋ መጣ፣ ልትከለክለው አልሞከረችም። አማቷም አይዞሽ አላሏትም፤ አጠገቧ ቁጭ ብለው እግሮቿን በአንሶላው ላይ ያሹላት ጀመር።

«አንድ ይጎድላል እትዬ» አለ የፓንሲዮኑ ሰው ከደጅ።

«አንዱ አራሴ ላይ ነው» አሉ ወይዘሮ ጤናዬ ከተቀመጡበት ሳይነሱ። «ነገ አጥቤ እልካለሁ።»

ሰውየው ጥቅሉን አሰረ። ከዚያ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ብሎ ጥቅሉን ትከሻው ላይ አወጣና ወደ ፌርማታው ወረደ።